በኮባ የተጋገረ ጋሻ

ሰው በያዘው ሙያ ቢጸና ምን ይጎድልበታል? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰበታ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ደጃፉ ላይ ራስ የሌለው አሻንጉሊት ቀሚስ ለብሶ የቆመበት ሱቅ የኔ ነው። ራሱን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ስገዛውም አልነበረውም። ባለቤቴ ታደለች ሲከፋት «ሁለታችሁ ወንድማማች ናችሁ» ትለኛለች። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የወፈረ ሰው ኮት አስፍቶ «አልወፈሩም፣ ኮቱ ነው የጠበበው» ብሎ ማጽናናት አውቃለሁ። ሲሚንቶ ግን አላውቅም። አለማወቄንም አላውቅም ነበር፤ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኦቦ ገመቹ ጉልበት ነው። ኦቦ ገመቹ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዘጠናን እያንኳኩ ነው። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ከወጨጫ ጫካ እየወረዱ ጠላትን መግቢያ መውጪያ ያሳጡ አርበኛ ነበሩ። ልጅየው በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት የአባታቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ደርድረው በመጀመሪያው ሚኒባስ አራት ኪሎ ይወጣሉ። ረዳቱ እንኳ ሜዳሊያውን ሲያይ «ሒሳብ» የምትለዋን ቃል ይውጣታል። ሲመለሱ የሰፈሩ ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ ይቀበላቸዋል። እሳቸውም ሰልፉን፣ ያገኙትን ሰው፣ የአባታቸውን ጀግንነት በአማርኛም በኦሮምኛም እየቀላቀሉ ያወጉናል። የአባታቸው ጋሻ ላይ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ይቆጫሉ። «የጉማሬ ቆዳ ጋሻ ነበረ። ጣሊያን ያልበሳውን ጋሻ አይጥ በላው!» ይላሉ። እኛም በየዓመቱ ልክ እንደ አዲስ አይጧን እንረግማለን።

ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ የኦቦ ገመቹ ጉልበት እምቢ አለ። ልጃቸው ጫልቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ «ዕድሜ ነው፣ ብዙ አይቁሙ» ብሎ መለሳቸው። ኦቦ ገመቹ ይህን ሲሰሙ «አራት ኪሎ ካልወጣሁ ምኑን ኖርኩት? በቃ፣ እኔ ጨርሻለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምግብም ተዉ። ጫልቱ ገንፎ ብትል፣ ሾርባ ብትል፣ ጨጨብሳ ብትል ቆንጠር አድርገው ይመልሳሉ። «ሆዴ ተዘጋ» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥታ ታደለች ትከሻ ላይ አለቀሰች። «አባዬ በዚህ ከቀጠለ ክረምቱን አያየውም» አለች። ያን ቀን ምሳ ለኔም አልወረደልኝም።

እድሩ ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድሙ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኩንታል በአንድ ትከሻ ይሸከሙ እንደነበር ሳይነግሩን ስብሰባ ዘግተው አያውቁም። የዚያን ዕለት ግን ቁም ነገር ተናገሩ። «እሳቸው ወደ በዓሉ መሄድ ካቃታቸው፣ በዓሉ ወደ እሳቸው ይሂዳ!» አሉ። በራቸው ላይ ድንኳን ሊጣል፣ ታደለች ድፎ ልትጋግር፣ ኦቦ ገመቹ ወጥተው መርቀው ሊቆርሱ ተስማማን። ከቆረሱ ደግሞ ይቀምሳሉ፤ ከቀመሱም ይበላሉ። የሁላችንም ምኞት ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ የማስዋቢያው ነገር ተነሳ። ጋሽ ወንድሙ «ያቺን የላስቲክ ባንዲራ ገመድ ላይ እንደረድራለን» አሉ።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ይህን ወግ አላወጋችሁም ነበር። ተነሳሁ። «ላስቲክ? ለአርበኛ ልጅ ላስቲክ? ነፋስ ሲነፍስ ሽው ሽው የሚል ነገር! እንዲህ ላለ ሰው የሚገባው ኮንክሪት ነው!» አልኩ። «ማን ይሠራዋል?» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «እኔ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ ያጨበጨበው ሰው እጁን ጠራርጎ ይሄዳል፣ የተጨበጨበለት ግን ሲሚንቶ ፍለጋ ይወጣል።

ድፍረቱን ያገኘሁት ከስልኬ ነው። አንድ ፈረንጅ ፎጣ በቀጭን ሲሚንቶ ውስጥ ይነክርና ባልዲ ላይ ገልብጦ ያለብሰዋል። ሲደርቅ ባልዲውን መዘዝ ያደርገዋል፤ ፎጣው እጥፋቱ ሳይፈታ ያማረ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሳይ እኔ ያየሁት ሲሚንቶውን ሳይሆን ጨርቁን ነው። ጨርቅ ከሆነ የኔ ሙያ ነው አልኩ። እጥፋት ማን ያስተምረኛል?

ሲሚንቶ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሰበታ ውስጥ ወይ ቤት የሚሠራ ወይ አጥር የሚያጥር ጎረቤት የሌለው ሰው የለም፤ ከጎረቤት የተረፈ ሲሚንቶና አሸዋ ተለምኖ መጣ። ፎጣውን ከቤት መረጥኩ። ልብስ ሰፊ ነኝና እጄ ወደ ጥሩ ጨርቅ ያደላል፤ ወፍራሙን፣ ለስላሳውን፣ ታደለች እህቷ ለልደቷ የሰጠቻትን የገላ ፎጣ አነሳሁ። ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ባልዲው ላይ አለበስኩት። እጥፋቱን በጣቴ እያስተካከልኩ ጠርዙን ልክ እንደ መጋረጃ አወረድኩት። እውነቴን ነው፣ ውብ ነበር። በማግስቱ ባልዲውን መዘዝ ላደርግ ስሞክር ግን አልመዘዝ አለኝ። ለካ ፈረንጁ ባልዲውን አስቀድሞ ላስቲክ አልብሶት ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ቪዲዮ ሳይ መጀመሪያውን የማሳለፍ ልማድ አለብኝ።

ታደለች ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ደረሰችብኝ።

«ፎጣዬን አይተኸዋል?»

«አዎ።»

«የት ነው?»

«ባልዲው ላይ።»

«ባልዲውስ?»

«ፎጣው ውስጥ።»

ዘወር ብላ አየችውና ልብሱን ጎረቤት ወስዳ አጠበች።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ለሁለተኛው ዙር የሱቄን ጨርቆች አመጣሁ፤ ከጎረቤት የተዋስኳቸውን ባልዲዎችም አስቀድሜ ላስቲክ አለበስኳቸው። በዚህኛው ጥፋቱ የሰማዩ ነው። የሚያዝያ ዝናብ መምጫውን ለማን ተናግሮ ያውቃል? ገና ሳይደርቁ ድብልቅልቃቸውን አወጣው። እጥፋታቸው ተፈታ፣ ወገባቸው ተሰበረ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ቀረ። ጋሽ ወንድሙ ሊጎበኙኝ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞር ዞር እያሉ አዩ።

«የውሻ ቤት ነው?» አሉ።

«የአበባ ማስቀመጫ ነው ጋሼ።»

«ለውሻው?»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰፈርተኛው ሱቄ ሲመጣ ከሱሪው በፊት ስለ ውሻው ይጠይቀኝ ጀመር። ውሻ የለኝም። በዓሉ ደግሞ እየቀረበ ነው። ጫልቱም በየማለዳው እያለፈች «እንዴት ነው፣ እየደረሰ ነው? ለአባዬ ነግሬዋለሁ፤ ኮንክሪት ሊሠራልህ ነው ስለው ቀና አለ እኮ» ትለኛለች። ቀና አለ ስትለኝ ልቤ ይጨነቃል። ሰውየው በኔ ኮንክሪት ቀና ካሉ፣ በኔ ኮንክሪት ተመልሰው ሊተኙ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ተክዤ ደረጃ ላይ እንደተቀመጥኩ ታደለች አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እኔ የምልህ፣ እንዳይጣበቅብህ ቅጠል አታነጥፍለትም? ድፎ እንኳ ኮባ ተነጥፎለት አይደል የሚጋገረው?» አለችኝ። ታደለች በትዳር ዘመኗ ከተናገረችው ሁሉ አብዝታ የተጸጸተችበት ንግግር ይህ ነው። ኮባ! ድፎ! የድፎ መጋገሪያ ክብ ነው፤ ጎድጎድ ያለ ነው። ከውስጡ የወጣ ነገር ሲገለበጥ ክብ፣ መሃሉ ጉብ ያለ፣ ዙሪያው ሸርተት ያለ ይሆናል። ይህ ምንድን ነው? ጋሻ ነዋ! አይጥ የማይበላው ጋሻ!

ትልቁን የድፎ መጋገሪያዋን ይዤ ወጣሁ። እሷ ስታየኝ ጊዜው አልፎ ነበር። ኮባውን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ገበር እንደማስገባ ሁሉ እርስ በርሱ አደራርቤ አነጠፍኩ። ሲሚንቶና አሸዋውን አቡክቼ ጨመርኩበት፤ መስቀያ ሽቦ ቀበርኩበት፤ ላዩንም በኮባ ሸፈንኩ። እሳት ብቻ ነው የቀረው። በአጥር በኩል የምታየኝ ጎረቤት «ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርግበት እንጂ!» ብላ ጮኸች። አልመለስኩላትም። ጥበበኛ ሥራ ላይ እያለ አይመልስም።

ሲደርቅ ገልብጬ አወጣሁት። ምን ልበላችሁ፣ አንድም ቦታ አልተጣበቀም። የኮባው ጅማት ላዩ ላይ ታትሞ ልዩ ጌጥ ሆኗል። ቀለሙ አመድ መሆኑ ብቻ ቅር ስላለኝ፣ የጉማሬ ቆዳ እንዲመስል ቡናማ የጫማ ቀለም ቀብቼ በጨርቅ ወለወልኩት። አብረቀረቀ። ታደለችን ጠራኋት።

«ምን ይመስላል?»

«ድፎ ዳቦ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ሆድሽን ነው የምታዳምጪው! ጋሻ ነው!»

«እሺ ጋሻ ነው። መጋገሪያዬን ግን አዲስ ትገዛለህ።»

ዝናቡን ስላላመንኩት ጋሻውን ቤት አስገብቼ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከበዓሉ በፊት ሰው እንዳያየው በኮባ ሸፍኜ፣ በላዩም ነጭ ጨርቅ ደረብኩበት። በዋዜማው ታደለች በውሰት መጋገሪያ የእድሩን ድፎ ጋገረች፤ ቤቱ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። እኔ ያን ጊዜ ኦቦ ገመቹ በር ላይ ድንኳን እተክል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት መሰላል ተሸክሜ ወደ ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ፤ ጋሻው የሚሰቀልበትን ሚስማር በበሩ አናት ላይ ልመታ ነው። ታደለችም ቀድማ ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ገብታለች። ጋሽ ወንድሙ «ድፎውን ማን ያመጣዋል?» ሲሉ «ሳሎን አለ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል» አለቻቸው። «እኔ እያለሁ ማን ያመጣዋል!» ብለው ሄዱ። ከቤታችን እስከዚያ ሲጋራ ተለኩሶ አያልቅም፤ ጋሽ ወንድሙ ግን በባጃጅ መጡ። ባጃጁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ሹፌሩ ግራ ገብቶት «ጋሼ፣ ምንድን ነው የጫኑብኝ?» ይላል። እሳቸው ላባቸውን እየጠረጉ «ዳቦ ነዋ! ዳቦ አይተህ አታውቅም?» ይሉታል። አራት ጎረምሶች አግዘዋቸው ጠረጴዛ ላይ ሲያወጡት ጠረጴዛው ሲጥ አለ። ሴቶቹ «ዘንድሮስ ታደለች አልሳሳችም» ተባባሉ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ፣ አፌ ውስጥ ሚስማር ይዤ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ።

ኦቦ ገመቹን ጫልቱ ደግፋ ስታወጣቸው ዞር አልኩ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ሜዳሊያውም ደረታቸው ላይ አለ፤ ኮቱ ግን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ይመስል ሰፍቷቸዋል። ባለፈው ዓመት በእጄ ያሳጠርኩት ኮት ነው፣ ልኩን አውቀዋለሁ። ሰው ቢያጨበጭብ፣ ዕልል ቢባል ፊታቸው አልተፈታም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ።

«ዋቅኒ ነጋ ኑፍ ሃ ኬኑ» ብለው ጀመሩ። «እግዜር ሰላሙን ይስጠን። አገር አማን ይሁን። ልጆች ይደጉ። ደም የከፈሉልንን ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን! አሜን!» አልን፤ እኔም ወደ ሚስማሬ ዞርኩ።

ጨርቁ ተነሳ፤ ኮባው ተገለጠ። «ውይ ሲያምር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «እንዴት አድርጋ አበሰለችው!» «ምን ቅመም ነው የጨመረችበት፣ ልዩ ሽታ አለው!» ኦቦ ገመቹ በቢላዋው ጫፍ አማተቡና ጫን አሉ።

ጭርርር አለ።

ደግመው ጫን አሉ፤ ቢላዋው ሸርተት ብሎ ሄደ። ሦስተኛ አልሞከሩም። ቢላዋውን አስቀምጠው እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «አየሽ ጫልቱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እግሬ ሄደ ስላችሁ ነበር። እጄም ሄዷል። ዳቦ መቁረስ እንኳ አቃተኝ።»

ያን ድምፅ ስሰማ ነው ዞር ያልኩት። የጫልቱ ዓይን እንባ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየሁ፤ የኮባ ጅማት፣ የጫማ ቀለም። ሚስማሩን ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ከመውረዴ በፊት ጋሽ ወንድሙ ቢላዋውን ላፍ አደረጉ። «ዶልዱሞ ነው ኦቦ፣ ይስጡኝ!» ብለው በሁለት እጃቸው፣ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። ቀጭ! ቢላዋው ለሁለት ተሰበረ።

«ታደለች!» አሉ ጋሽ ወንድሙ ወደ ጓዳ። «ይሄን ምንድን ነው ያቦካሽው?»

ታደለች ማሰሮ እንደያዘች ብቅ አለች። ጠረጴዛውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና ብላ መሰላሉን አየች። በዚያች ሰዓት አጥሩን ዘልዬ ጅማ ድረስ ብሮጥ የሚፈርድብኝ አልነበረም። ነገር ግን ኦቦ ገመቹ አሁንም እጃቸውን ያያሉ። ሰፈሩ ሁሉ ዕድሜ ልኬን ቢስቅብኝስ? እኚህ ሰው እጄ ከዳኝ ብለው ከሚገቡ ይሳቅብኝ! ከመሰላሉ ዘለልኩ።

«ዳቦ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሻ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት! ሲሚንቶ ነው!»

«ማል?» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ምን አልክ?»

«ጋሻ ነው ኦቦ። የአባትዎን አይጥ በላው ሲሉ... ያው... ለእርስዎ ብዬ... ተሳስቶ ነው የመጣው።»

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንኳኩት። ኳ ኳ አለ። የተሰበረውን ቢላዋ አዩ፤ ጋሽ ወንድሙን አዩ፤ ጋሻውን መልሰው አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሲስቁ ኖሯል። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ድንኳኑን እስኪያናጋ ድረስ።

«ክንዴ የሞተ መስሎኝ እኮ ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለካ ክንዴ ደህና ነው! ወንድሙም አልቻለውም! ቢላ የሚሰብር ጋሻ! እስቲ አሁን አይጥ ትምጣና ትብላው!»

ከዚህ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ የሳቀ የለም፤ ሁሉም አጠገቡ ያለውን ሰው ተደግፎ ነው የሳቀው። ጋሽ ወንድሙ ብቻ አኮረፉ። «እኔ እኮ ገና ሳነሳው ጠርጥሬያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«ኩንታል የተሸከመ ሰው ዳቦ ከበደኝ ይላል?»

«ሁለት ነገር ነበር እኮ ሳሎን ውስጥ! ይሄኛውን ለምን መረጡ?»

«አንደኛው ጨርቁ ውሃ በውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮንክሪት ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም ብለህ ስትፎክር አልነበር? እርጥቡ ያንተ ነው ብዬ ደረቁን አነሳሁ።»

ይህን ስሰማ መሳቄን ተውኩ። ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ መብራት ጠፍቶ ነበር። በዳበሳ ወደ ሳሎን ሄጄ፣ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ነገር ጋሻዬ ነው ብዬ አንድ ጆግ ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ታደለች በዋዜማው ከጫልቱ ጋር ሆና ጋሻዬን ወደ አግዳሚው ወንበር አዛውራ በቦታው ድፎውን እንዳስቀመጠች ማን ነገረኝ?

በዚህ መሃል ኦቦ ገመቹ ተደላድለው ተቀመጡ። «እሺ፣ ጋሻውን አየን» አሉ። «ዳቦውስ? ርቦኛል እኮ።»

ጫልቱ የሰማችውን አላመነችም። «ምን አልክ አባዬ?»

«ርቦኛል አልኩ! ሰው በባዶ ሆዱ ይህን ሁሉ ይስቃል?»

እኔና ታደለች ወደ ቤት ሮጥን። ጨርቁን ስታነሳው ድፎው ያበጠ ትራስ ይመስላል፤ ከሥሩ ውሃ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ታደለች አየችኝ። ፎጣዋን ችላለች፣ ባልዲዋን ችላለች፣ መጋገሪያዋን ችላለች። «አንሳው» አለችኝ ብቻ። «ሰውየው ርቦኛል ብለዋል፣ ሌላ ጋግሬ አልደርስም።» በሁለት እጄ ታቅፌው ስሄድ እየተንጠባጠበ ሸሚዜን አራሰው። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ታደለች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላዬ ተደበቀች።

ኦቦ ገመቹ በሌላ ቢላዋ አማተቡ። ጫን ሳይሉት ገባ። ከመሃሉ ትልቅ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉና አጣጣሙ። ዋጡ። ሌላ ቆረሱ።

«ታደለች!» አሉ።

«አቤት አባባ» አለች ከኋላዬ።

«ድፎ ሁልጊዜ ቅርፊቱ ድዴን ይወጋኛል። ሰው እንዳይከፋው ቆንጥሬ እተወዋለሁ እንጂ በልቼው አላውቅም። ጥርስ እንደሌለኝ አስበሽ ነው ያራስሽልኝ?»

ታደለች እኔን አየችኝ። እኔ ሸሚዜን አየሁ።

«አዎ አባባ» አለች። «ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ገለቶሚ ልጄ፣ ተባረኪ» ብለው ሦስተኛውን አነሱ። ለሁሉም ታደለ፤ የታደለውም እንደ ሥጋ ወደሙ በጥንቃቄ ተቀብሎ እያንጠባጠበ በላ። ጋሽ ወንድሙ ጠጋ ብለው «ደረቅ የለም?» ሲሏት ታደለች በአገጯ ወደ ጋሻው አመለከተቻቸው።

ኦቦ ገመቹ ጣታቸውን ላሱና እጃቸውን በመሃረባቸው ጠረጉ። «ለከርሞም እንዲሁ አድርገሽ ጋግሪልኝ» አሉ።

«ለከርሞ» ሲሉ ጫልቱ ወደኔ ዞረች። አንገቴን አቅፋ፣ እርጥብ ሸሚዜ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ቆየች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ኦቦ ገመቹ «እናንተ ምን ሆናችሁ? ጋሻው ይሰቀል እንጂ!» ብለው ተቆጡን።